የኮርኒሱ ደባል

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የገዛ ቤቴ ኮርኒስ ውስጥ እኖር ነበር። አቡጀዲው ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ጀርባዬን እየፋቀኝ፣ እንዳልሰማ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ይዤ ነበር። ከታች፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ ሽኮኮዎች ጠረጴዛዬን ከበው ምሳ ይበሉ ነበር። ቀን ነው። ፀሐይዋ ግን ከመሬት ወደ ላይ ታበራ ስለነበር ጥላቸው የሚያርፈው ኮርኒሱ ላይ፣ ማለትም እኔው ላይ ነበር።

«ዛሬም ተንኮሻኮሸ» አለች አንዲት ወፍራም ሽኮኮ፣ ጉርሻዋን እንደያዘች ሽቅብ እያየች።

«ምኑ?» አላት ባሏ።

«ኮርኒሱ ነዋ። ሰው ገብቶብናል እያልኩህ አይደል?»

«ስንት ናቸው?»

«አንድ ነው። ወንድ መሰለኝ።»

«አንድ ከሆነ ምን ያስጨንቅሻል? የሚያስጨንቀው ሲራባ ነው።»

«ሰባት ወር ሙሉ አልተራባም።»

«ሰባት ወር ብቻውን ምን ያደርጋል ታዲያ?»

«ይጠብቃል አሉ።»

«ምን?»

«እንጃ።»

እኔ ግን አውቅ ነበር። ሕልሙን እዚህ ላይ ትንሽ ላቁመውና የምጠብቀውን ልንገራችሁ፤ አለዚያ የቀረው አይገባችሁም።

ይርጋለም ከተማ ውስጥ ቅሬታ ሰሚ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሁለት የተጣሉ ወገኖችን ማዳመጥ፣ ከዚያም አንዱም እንዳይከፋው አድርጎ መጻፍ ነው። የተማርኩትም ለዚሁ ነው፤ ጠባዬም ለዚሁ የተፈጠረ ነው ይሉኛል። የምኖርባት የጭቃ ቤት ከጋሽ ለገሠ ግቢ የምትለየው በአንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። የጋሽ ለገሠ ልጅ ረድኤት አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ከእሷ ጋር ሁለት ዓመት ሆኖናል። አባቷ አያውቁም፤ ወይም የማያውቁ ይመስላሉ። ሽማግሌ ሳይላክ ማወቅ ለእሳቸውም ነውር ነው።

ኅዳር ላይ ሽኮኮዎች ከጓሮው ሾላ ወርደው ኮርኒሴ ውስጥ ገቡ። ኮርኒሱ የድሮ ነው፣ የተወጠረ አቡጀዲ፤ ሲሮጡ የእግራቸው ጉድጓድ ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ እየሰረገደ ሲሄድ ከአልጋዬ ይታየኛል። ለረድኤት «ሙሽራ ይዤ ወደዚህ አልገባም። እነዚህ ይውጡና በማግስቱ ሽማግሌ እልካለሁ» አልኳት።

ለጋሽ ለገሠ ስነግራቸው ግን አላመኑኝም። «ሽኮኮ የሚኖረው ገደል ውስጥ ነው። ጅራትም የለው። ያንተ አይጥ ነው» አሉኝ።

«የዛፍ ሽኮኮ ነው ጋሼ። ጅራቱ እንደ ጭራ ጎፈር ያለ ነው።»

«ጅራቱ ጎፈር ያለ አይጥ ነዋ።» በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

አናጺ ጠራሁ። ማቴዎስ ይባላል። በጠራሁት ቀን መጣ፤ ይህ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። በእኛ ከተማ አናጺ በተጠራበት ቀን መጥቶ አያውቅም። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ለካና «አቡጀዲውን ላውርደው፣ ቀዳዳውን ልድፈን፣ ችፑድ ልምታበት። አንድ ቀን ይበቃኛል» አለ። እኔ ግን ወንበር ላይ ቆሜ በቀዳዳው ሳይ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ሁለት ልጆች አየሁ። «ግራ ቀኙ ሳይታይ አይሆንም። እነሱም ነፍስ አላቸው። ዓይናቸው እስኪገለጥ እንቆይ» አልኩት። ዓይናቸው ሲገለጥ፣ ጡት እስኪጥሉ አልኩ። ጡት ሲጥሉ፣ የበልጉ ዝናብ መጣ፤ በዝናብ ማን ከቤት ያስወጣል? ማቴዎስ በቀጠርኩት ቀን ሁሉ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ቀጠሮውን አራዝማለሁ። አንድ ቀን እጁን አጣጥፎ ላለመመለስ፣ ለኮርኒሱ ባመጣው ጣውላ በረንዳዬ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ሠርቶልኝ ሄደ።

«ይትባረክ ወንድሜ» አለኝ ያን ቀን መዶሻውን እያስቀመጠ፣ «እነዚህን ሽኮኮዎች ልታስወጣቸው ነው ወይስ ልትድራቸው?»

ረድኤት ከአጥሩ ማዶ ሆና ሰምታ ሳቀች። ሳቁ ቀልዱ ከሚገባው በላይ ረዘም ያለ መሰለኝ። ነገር ግን ሚዛናዊ ሰው ነኝና ሰው ስለቀለደ አልቀናም ብዬ ተውኩት። የቀናሁት በሽኮኮዎቹ ነበር። ረድኤት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በወረቀት ጥቅል ለውዝ ይዛ ትመጣለች፤ እየፈለፈለች በመስኮቴ ደፍ ላይ ትደረድርላቸዋለች። ተዪ፣ ይለምዳሉ ስላት፣ ዓይኗን ከእነሱ ሳታነሳ «እነሱ እኮ ቢያንስ ገብተዋል» አለችኝ።

እንግዲህ ወደ ሕልሙ ልመለስ።

አቡጀዲው ላይ ያችን ቀዳዳ ፈልጌ አገኘኋትና ዓይኔን ሰካሁባት። ረድኤት ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጣለች። ለልደቷ የገዛሁላትን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። አጠገቧ አንድ ጎልማሳ ሽኮኮ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ተቀምጧል። እሷ ለውዙን ትፈለፍላለች፣ ልጣጩን እፍ ትላለች፣ ፍሬውን አንድ በአንድ ታጎርሰዋለች።

«የኔ ፈጣን» አለችው።

እኔን «የኔ ታጋሽ» ነው የምትለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ስደሰት ኖሬ፣ ያን ጊዜ እንደ ለውዝ ልጣጭ ጉሮሮዬ ላይ ተለጠፈብኝ። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተገላበጠ። ሕልም ነውና መገላበጡ ከታች ታየ፤ አቡጀዲው መሐሉ ላይ እንደ ጡጫ አብጦ ወደ ሳህኖቹ ወረደ።

«ያውላችሁ» አለች ወፍራሟ። «ዛሬስ በግልጽ ታየ። ሆዱ ነው።»

ምሳው ቀርቶ ስብሰባ ሆነ።

«በርበሬ እናጭስበት» አለ አንዱ።

«ሽታው ለእኛም ይተርፋል።»

«አከራይ እንልቀቅበት። ሰውን ከቤት የሚያወጣው አከራይ ነው።»

«አከራይ አንዴ ከገባ እሱን ማን ያወጣዋል?»

በዚህ ጊዜ ጢሙ የሸበተ አንድ ሽኮኮ ተነሥቶ «ግራ ቀኙ ሳይታይ አይሆንም። እሱም ነፍስ አለው» አለ። የገዛ ቃሌ ስለነበር ደነገጥኩ። ሰባት ወር ሙሉ ከላይ ሆነው ያዳምጡኝ ነበር ማለት ነው። ጎልማሳው ግን ረድኤት ያጎረሰችውን ዋጠና «ወጥመድ ልሥራለት። አንድ ቀን ይበቃኛል» አለ።

ወዲያው ሠራው። እንደ ስልክ ቤት ያለ የጣውላ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ሥጋም ዳቦም የለበትም። አንድ ወረቀት ብቻ ተሰቅሎበታል፤ «እስቲ አንተ ፍረደን» ይላል። ከኮርኒሱ ወርጄ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ በገዛ እግሬ ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ እንኳ ወንበር እየፈለግሁ ነበር።

ወጥመዱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ለካ ባጃጅ ላይ ጭነውኛል። ባጃጇ ከኋላ ተደላድላ ተቀምጣ፣ ሾፌሩ ከፊት እያለከለከ ይጎትታታል። «ቀኝ ወራጅ አለ» አለች ባጃጇ፣ ሾፌሩም ቆመ። የወረድነው ገበያ መሐል ነው። ዶሮዎች ሴቶችን በእግራቸው ዘቅዝቀው አንጠልጥለው ይዟዟራሉ፤ አንዷ ዶሮ የአንዲት ወይዘሮ ደረት ዳበስ ዳበስ አድርጋ «ይቺ ለበዓል አትሆንም፣ አጥንት ብቻ ናት» ብላ መለሰቻት። ወይዘሮዋ እንደተዘቀዘቀች «እስቲ ጎኔንም እዪው» አለች፣ ቅር ብሏት። ዝናብ መሬቱን እየበሳ ሽቅብ ይዘንባል፤ ሰዉ ሁሉ ጃንጥላውን ገልብጦ ከእግሩ ሥር ዘርግቶ ቆሞበታል።

ከዚያ ቢሮዬ ደረስን። ከበሩ አጠገብ የተቸነከረው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ከግድግዳው ወርዶ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። ባለጉዳዮቹን ተራ በተራ እየጠራ፣ ደረታቸውን በቁልፍ እየከፈተ፣ ውስጣቸው የተጠራቀመውን ወረቀት ያወጣል።

«ይትባረክ» አለ ሣጥኑ። ቀረብኩ። ደረቴን ከፈተው። ወረቀቶቹ ተጠቅጥቀው ስለነበር ጥቂቶቹ ወለል ላይ ፈሰሱ።

«ኅዳር ሃያ» ብሎ ማንበብ ጀመረ፣ መነጽሩን አስተካክሎ። «ፍሬውን ለእነሱ ሰጠች። ለእኔ ልጣጩን ጥረግ አለችኝ።»

«ቀስ ብለህ አንብበው» አልኩት፤ ከኋላዬ ሰው ነበር።

«ጥር አራት። ለሽኮኮዎቹ ልጆች ስም አወጣችላቸው። ለእኛ ልጆችስ ብላት፣ መጀመሪያ ይምጡ አለች። የካቲት ዘጠኝ። በጠዋት መስኮቴን አንኳኩታ እንዴት አደሩ አለች። ምነው ዛሬ አንቱ አለችኝ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እንዴት እንዳደሩ የጠየቀችው እነሱን ነው። ሚያዝያ ሁለት። አናጺው ቀለደ፣ እሷ ሳቀች። ይህን አልመዘግበውም።» ቀና ብሎ አየኝ። «መዝግበኸዋል እኮ።»

«አላስተዋልኩም።»

«ይህ ሁሉ ቅናት ነው?»

«ቅናት እንኳ አይባልም። እንዲያው አስተያየት ነው።»

«ቅናት ከሆነ በስልሳ ቀን ውስጥ ነው አቤት የሚባለው። ጊዜው አልፎበታል፤ በይርጋ ታግዷል።»

«እኔ እኮ የይርጋለም ሰው ነኝ» አልኩ፣ ምክንያት የሚሆንልኝ መስሎኝ።

«እሱማ ያስታውቅብሃል» አለ ሣጥኑ። ወረቀቶቹን መልሶ ጠቀጠቀና ደረቴን ቆለፈው። ቁልፉን ግን ለራሱ አስቀረው።

ወዲያው ከቢሮው ጀርባ ሜዳ ሆነ። ሽማግሌዎች ተርታውን ቆመዋል፤ ቁመታቸው እንደ ባሕር ዛፍ ነው። የጓሮዬ ሾላ ሥሩን አጣጥፎ ከሥራቸው ተቀምጧል፣ በጥላቸው። የሚፈርደው እሱ ነው። በግራ ሽኮኮዎቹ፣ በቀኝ እኔ ብቻዬን ቆምኩ። ረድኤት ከሽኮኮዎቹ መካከል ቁጭ ብላ ለውዝ ትፈለፍላለች።

«አቤቱታህን ተናገር» አለኝ ሾላው።

«ቤቱ የእኔ ነው» አልኩ። «እነሱ ደባሎች ናቸው። ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስኖርበት ቆይቼ ነው የመጡት።»

«ኖርክበት እንጂ አልገባህበትም» አለ ጎልማሳው ሽኮኮ።

«በመኖርና በመግባት መካከል ምን ልዩነት አለው?»

ሽማግሌዎቹ ከላይ ሳቁ፤ ሳቃቸው እንደ ቅጠል እየተንሳፈፈ ወረደ። ሾላው አንዱን ቅጠል አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«ሰባት ወር ምን ስታደርግ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«ስጠብቅ።»

«ምን?»

«እነሱ እስኪወጡ።»

ሾላው ወደ ሽኮኮዎቹ ዞረ። «እናንተስ?»

ጢሙ የሸበተው ተነሣ። ስለ እኔ የሚያዝን ይመስል ነበር። «እኛም እሱ እስኪገባ ስንጠብቅ ነበር» አለ። «ሲገባ ልንወጣለት። አንድ ቀን ሽማግሌዎቹን ጠርቶ ይልካል፣ ሙሽራው ይገባል፣ እኛም ወደ ሾላችን እንመለሳለን ብለን ጓዛችንን ሸክፈን ነበር። ሁለት ጊዜ ሸክፈን ፈታን። ልጆቹ ተሰላቹ።»

ረድኤትን አየኋት። መፈልፈሏን አላቆመችም። «እኔም ሸክፌ ነበር» አለች፣ ለለውዙ እንደምትነግር።

መናገር ነበረብኝ። ቅሬታ በሰማሁባቸው ዓመታት ሁሉ ለሰው የምለው አልጠፋኝም፤ ለራሴ የሚሆን አንድ ቃል ግን አጣሁ። በመጨረሻ ያልኩት «ሁለቱም ወገን ተገቢ ነጥብ አንሥቷል» የሚል ነበር።

«ተጽፏል» አለ ሾላው። «እንግዲህ ፍርዱን ስማ። ስማችን ሽኮኮ የሆነው ለምን እንደሆነ ትምህርት ቤት አልነገሩህም?» ዛፍ ሆኖ ሳለ «ስማችን» ማለቱ ገርሞኝ ቀና ብል፣ ለካ ጅራት አብቅሏል። «ሽኮኮ የተባልነው ሰዎች እሽኮኮ እንዲያደርጉን ነው። የሰርጉ ቀን ዛሬ ነው። ሙሽራውን እሽኮኮ አድርገህ አባቷ ቤት ታደርሰዋለህ።»

«የማን ሰርግ ነው?»

ጎልማሳው ሽኮኮ ሜትሩን ዘርግቶ ትከሻዬን ከዳር እስከ ዳር ለካ፣ ከጆሮው እርሳሱን አውርዶ መዳፉ ላይ ጻፈ። «ደልዳላ ነው» አለ። «መደገፊያም አያስፈልገው።» ከዚያ ዘለለና አንገቴ ላይ ተቀመጠ።

ከባድ ነበር። ሽኮኮ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። የሙሉ ሰው ክብደት አለው፤ የሥራ ጫማ ያደረገ፣ ኪሱ ምስማር የሞላ ሰው። መንገዱ ከቤቴ እስከ አጥሩ ነው፣ አሥራ ሁለት እርምጃ፤ ነገር ግን በተራመድኩ ቁጥር አጥሩ በትሕትና ወደ ኋላ ይሸሻል። ሽኮኮዎች ግራና ቀኝ ያጨበጭባሉ። ከላይ የለውዝ ልጣጭ ጸጉሬ ላይ ይራገፋል።

«ትንሽ ቀልጠፍ በል» አለኝ ሙሽራው።

«ጎርበጥባጣ ነው። እንዳትወድቅብኝ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ታስባለህ?»

«ኃላፊነት ነው» አልኩ።

ረድኤት በጎኔ ትሄድ ነበር። ሽቅብ እሱን አላየችም፤ የምታየው እኔን ነው፣ ከቅርብ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታየኝ እንደኖረችው። «ይትባረክ፣ ከበደህ?» አለችኝ።

«አይ፣ እችለዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «አንተ የማትችለው ነገር የለም። እኔን የጎዳኝ ይኸው መቻልህ ነው።»

ያን ጊዜ ደረቴ ላይ የተቆለፈው ነገር ሁሉ ነደደ። ቅናት ነበር፤ ሚዛን የሌለው፣ ግራ ቀኝ የማያይ፣ ማኅተም የማይጠይቅ ንጹሕ ቅናት። ሁለቱን የሽኮኮ ቁርጭምጭሚቶች በሁለት እጄ ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ። ወርውሬ ልጥለው ነበር። እምላለሁ፣ ልጥለው ነበር። አፌንም ከፍቼ «ረድኤት የእኔ ናት» ልል «ረ» እንዳልኩ አጥሩ ተንኳኳ።

ነቃሁ።

አፌ እንደተከፈተ ነበር። ከአቡጀዲው ቀዳዳ የለውዝ ልጣጭ ወርዶ ከንፈሬ ላይ አረፈ። ከላይ የእግር ጉድጓድ ሰረገደ፣ ሮጠ፣ ጥጉ ላይ ቆመ። እሑድ ነው፤ ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይም ከላይ ወደ ታች ታበራለች።

«ይትባረክ፣ አለህ ልጄ?» የጋሽ ለገሠ ድምፅ ነው።

ተነሥቼ ወጣሁ። ጋሽ ለገሠ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገዋል። የበዓል ኮታቸውን ለብሰዋል፣ በጥድፊያ ቁልፉን አዛንፈው ቆልፈውታል።

«ቀሰቀስኩህ መሰለኝ። ያቺን አግዳሚ ለአንድ ሁለት ሰዓት ብታውሰን ብዬ ነው። ሳናስበው ሽማግሌዎች መጡብንና መቀመጫ አነሰን።»

«የምን ሽማግሌ ጋሼ?»

«የምን ይሆናል? ለረድኤት ነዋ። እኔንማ ከእንግዲህ ማን ሊጠይቀኝ ይመጣል?»

በረንዳው ላይ ቆሜ ትከሻዬን በእጄ ነካሁት። ያመኝ ነበር።

«ስንት ናቸው?» አልኩ። ከጥያቄዎች ሁሉ ለምን ይህን እንደመረጥኩ አላውቅም።

«ሦስት። የላካቸው ያ ያንተ አናጺ ነው፣ ማቴዎስ።» ጋሽ ለገሠ ወደ ግቢያቸው መለስ ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አጣርተን እንመልሳለን ብዬ ቡና እያስጠጣኋቸው ነው። እኔ ሰውየውን በቅጡ አላውቀውም። አንተ ግን ሰባት ወር ቤትህ ሲመላለስ አይተኸዋል። ደግሞ መዝነህ የምትናገር ልጅ ነህ። እስቲ አንተ ፍረደን፤ ጠባዩ እንዴት ነው?»

ጠይቀውኝ ዝም አሉ። መልሱን አላጣደፉኝም። ያንን ዝምታ ከጠዋት ጀምሮ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ከጥያቄው ይልቅ ረጅም ነበር፣ አንድ ሰው ሌላ ነገር ሊናገርበት የሚበቃ። ከእሳቸው ኋላ ረድኤት ሳህን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳለች። ታየኛለች።

አፌን ከፈትኩ። «ረ» የምትለው ፊደል እዚያው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ከሕልሙ ያመጣኋት እሷን ብቻ ነው። ነገር ግን የተጠየቅሁት ስለ ማቴዎስ ነበር፤ ስለ ማቴዎስ ደግሞ እውነቱ አንድ ነው።

«ሥራ አያሳድርም» አልኩ።

ረድኤት ሳህኑን አስተካክላ ይዛ ገባች።

አግዳሚውን አነሣሁና ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። ደህና ተደርጎ የተሠራ ነው፣ አይወዛወዝም። ጋሽ ለገሠ በአጥሩ በር መጥተው አንደኛውን ጫፍ ሊያግዙኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ግድ የለም ጋሼ» አልኳቸው። «እችለዋለሁ።»